እጅ ሲነሳ ከበሮው ይቆማል

በኪነት ቡድኑ ሥራ የጀመርሁት ከበሮ መቺ ሆኜ ነው። የመጀመሪያው ቀን ልምምድ ፍኖተ ሰላም፣ አንድ አሮጌ የእህል መጋዘን ውስጥ ነበር። ሁለት ክራር፣ ሁለት መሰንቆ፣ አንድ ዋሽንት፣ የእኔ ከበሮ፣ ሦስት ድምፃውያን፣ አምስት ተወዛዋዦች። መሪያችን ቀጭን ዱላ የሚይዙ፣ ሳቅ የማያውቁ ሽማግሌ ነበሩ።

የዚያን ቀን መሣሪያዎቹን ሁሉ ከፍ አድርገው አስቃኙ። ዋሽንት ነፊው አጭሩን ዋሽንት ከከረጢቱ አወጣ። ዋናዋ ድምፃዊት ያ ከፍታ እንደማይሆናት ሁላችንም ሰማን፤ አንድም ሰው ግን አልተናገረም። በዚያው ሳምንት ቡሬ ላይ፣ ገበያተኛው ፊት፣ ዘፈኑ መካከል ላይ ድምፅዋ ተሰበረ። ሰው ሳቀ። ከመድረክ ወረደች፤ ዳግም አልዘፈነችም።

ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ አንዱ ክራር መቺ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «እኔ እኮ አውቄ ነበር» አለኝ።

«እኔም» አልሁት።

ሽማግሌው ጡረታ ሲወጡ እኔን ተጠባባቂ መሪ አደረጉኝ። ተጠባባቂ የሚለው ቃል ስድስት ዓመት አብሮኝ ኖረ። ሴት ስለሆንሽ ነው ያለኝ ሰው የለም፤ ሌላ ምክንያት የነገረኝም የለም።

ዱላ አልያዝሁም። የምመራው ከበሮውን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ነው። ግራ ትከሻዬ ዝቅ ሲል ድምፃዊው ይገባል። የከበሮውን ጠርዝ አንድ ጊዜ ደረቅ አድርጌ ስመታ ሁሉም ያቆማል። በዚህ ላይ አንድ ደንብ ጨመርሁ፤ ስህተት የሰማ ማንኛውም ሰው እጁን ያነሳል፤ እጅ ሲነሳ ከበሮው ይቆማል።

ማንኛውም ያልሁት የእውነቴን ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ የመጋዘኑ ዘበኛ፣ ጋሽ አያሌው፣ ከበሩ ላይ እጃቸውን አነሱ። አቆምሁ።

«እትዬ ስንዱ፣ እየፈጠኑ ነው።»

«እኔ?»

«እርስዎ። ወጥ እሳት ላይ ጥለው የመጡ ይመስላሉ።»

ቡድኑ በሳቅ ወደቀ። እውነታቸውን ነበር፤ ፈጥኛለሁ። ከመጀመሪያው ጀመርን።

የቡድኑ ሥራ አስኪያጅ ይህን አልወደደውም። ስሙን አልጽፍም፤ ፍኖተ ሰላም ትንሽ ከተማ ናት፣ ሰው ያውቀዋል። በዕድሜ ስምንት ዓመት እበልጠዋለሁ። እሱ አንቺ ይለኝ ነበር፤ እኔ እስከ መጨረሻው እርስዎ አልሁት። እዚህ ጽሑፍ ላይ ግን እሱ እለዋለሁ።

«ይኼ ኦርኬስትራ ነው ወይስ የዕድር ስብሰባ?» አለኝ አንድ ቀን።

«ዕድር ቢሆን በሰዓቱ የሚመጣ አይኖርም ነበር» አልሁት። አልሳቀም።

በስድስተኛው ዓመት መጨረሻ ቡሬ ላይ ትልቅ ዝግጅት ነበረን። የቡድናችን ቦርድ አባላት በሙሉ መጡ። ሥራ አስኪያጁ ከመድረክ ጀርባ ጠርቶኝ፣ «ዛሬ ያለ እንከን ካለፈ የመሪነት ደብዳቤሽ ይፈረማል። ሰኞ ትወስጃለሽ» አለኝ። ፈልጌው ነበር። አልፈለግሁትም ብል ውሸት ነው።

መድረኩ ጣራ አልነበረውም። ፀሐዩ አንዱን ክራር ሲያግለው መቃኛው ተንሸራተተና አንዱ ክር ረገበ። እኛ ከድምፅ ማጉያዎቹ ጀርባ ስለነበርን አልሰማንም። ተወዛዋዧ ጥሩዬ ግን ተራዋን ስትጠብቅ የቆመችው ማጉያው አጠገብ ነው። እሷ ሰማች። በቡድኑ ታናሿ እሷ ነበረች። እጇን አነሳች።

አየኋት። ሥራ አስኪያጁም ከፊት ወንበር አያት፤ ቀጥይ እያለ ጣቱን አሽከረከረልኝ። ድምፃዊው ሊገባ አራት ምት ቀርቶታል። እንዳላየሁ ማለፍ እችል ነበር። ሰኞም ደብዳቤዬን እወስድ ነበር።

ጠርዙን መታሁ። ሁሉም ቆመ።

ማይኩን ይዤ፣ «ይቅርታ አድርጉልን፤ አንድ ክር ረግቦብናል። አስተካክለን ከመጀመሪያው እንጀምራለን» አልሁ።

ቦርዱ ተያየ። ከኋላ አንድ ገበሬ ጮክ ብሎ፣ «ቀስ በሉ እታለም! እኛ እንደሆን የጠመድነው በሬ የለን!» አለ። አደባባዩ ሳቀ፤ እኛም ሳቅን። ክራሩ ተቃኘ። እንደዚያ ቀን ተጫውተን አናውቅም። ሦስት ጊዜ ድገሙት አሉን፤ ደገምነው።

ሰኞ ቢሮ ገባሁ። ደብዳቤው ጠረጴዛው ላይ ነበር፣ ማህተሙ ሳይቀር። ከጎኑ ሌላ ወረቀት አለ፤ የእጅ ማንሳቱ ደንብ እንዲቀር፣ ጥሩዬም እንድትሰናበት እኔ የምፈርምበት።

«ሁለተኛውን ፈርሚና የመጀመሪያውን ውሰጂ» አለኝ። «በሰው ፊት አዋርዳናለች።»

«ያስቆምሁት እኔ ነኝ።»

«አንቺን እኮ ልሾምሽ ነው!»

«እንግዲያው ይቅርብኝ» ብዬ ወጣሁ።

ጥሩዬ ሰምታ ቤቴ ድረስ መጣች። «እትዬ፣ በእኔ የተነሳማ አይሆንም። እኔ ልልቀቅና እርስዎ ይፈርሙ» አለች፣ እንባዋ እየወረደ።

«አርፈሽ ነገ በሰዓቱ ነይ» አልኋት። ሌላም የተናገርሁት አለ፤ እሱ የእኔና የእሷ ነው።

እኔ ካልፈረምሁ ማሰናበቻዋን የሚጽፍ አልተገኘም፤ ሥራ አስኪያጁ በራሱ ስም ደፍሮ የሚፈርም ሰው አልነበረም። ጥሩዬ ቀረች። መሪነቱ ከሌላ ከተማ ለመጣ፣ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ለተማረ ወጣት ተሰጠ። እኔ ወደ ከበሮዬ ተመለስሁ፤ የእጅ ማንሳቱ ደንብም ቀረ።

ወጣቱን ልጠላው ተዘጋጅቼ ነበር፤ አልሆነልኝም። በሦስተኛው ወር፣ ከልምምድ በኋላ አጠገቤ ተቀመጠ። «እትዬ፣ እኔ ስሳሳት ልጆቹ ያውቃሉ፤ ፊታቸው ላይ አየዋለሁ። ግን የሚነግረኝ የለም» አለ።

ደንቡን ነገርሁት። በማግስቱ ቡድኑን ሰብስቦ፣ «ይህ የእትዬ ስንዱ ደንብ ነው፤ ከዛሬ ጀምሮ ይመለሳል» አለ። ለስሜ የተጠነቀቀው እሱ ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ ዱርቤቴም ሆነ ባሕር ዳር ስንሄድ ሌሎች ቡድኖች እንዴት እንደምንለማመድ ይጠይቁን ጀመር።

ጡረታ ስወጣ የሽኝት ዝግጅት አደረጉልኝ። ሥራ አስኪያጁ ንግግር አደረገ። ቡድናችን ለምን ከሌሎች እንደሚለይ ሲያስረዳ፣ «እኔ በዘረጋሁት አሠራር ማንኛውም አባል በነፃነት ይናገራል» አለ። ከዚያ ጋቢ አለበሰኝና አጨበጨበ። ወጣቱ መሪ ሊነሳ ሲል እጁን ያዝሁት። እዚያ መልስ ብሰጥ፣ ሰው አሮጊቷ ተከፋች ብሎ ያልፈው ነበር። ይህን የጻፍሁት ለዚያ ነው፤ ወረቀት ላይ ያለውን ማለፍ አይችልም።

የጡረታ ደብዳቤዬ የሥራ መደቤን «ከበሮ መቺ» ይላል። ትክክል ነው፤ ከበሮ መትቻለሁ። ስድስት ዓመትም ኦርኬስትራ መርቻለሁ፤ በእነዚያ ዓመታት እኔ መሳሳቴን ለመናገር የፈራ አንድም ሰው አልነበረም። በሥራ ዘመኔ እንደዚህ የምኮራበት ነገር የለም።

ኦርኬስትራ ለመምራት ለምትዘጋጁ፤ መድረክ ላይ ከቆማችሁ ሁሉንም አትሰሙም። የሰማው ሰው ሲነግራችሁ አቁሙ፤ የሚያስከፍላችሁንም ክፈሉ።