ሳልረዳ የጨፈርኩበት ነሐሴ

እናቴ ሞታ ተቀበረች፤ ወንድሜና ልጄ ተመካክረው ደበቁኝ። በደሉ ይኸው ነው። ወንድሜ ድሬዳዋ ድንኳን ጥሎ ለቅሶ ሲቀመጥ እኔ ጃፓን አገር ከበሮ እየተመታ እጨፍር ነበር። «ደስታህን እንዳናበላሽብህ ብለን ነው» ይላሉ። ደስታዬን ጠብቁልኝ ያላቸው ማን ነው?

እኔ በያጅ ነኝ። ዕድሜዬ ያለቀው የበርና የመስኮት ብረት ስበይድ ነው። ፊደል የቆጠርኩት አግብቼ ከወለድኩ በኋላ፣ ልጄ የቤት ሥራዋን ስትሠራ ከጎኗ ተቀምጬ ነው። አጻጻፌ ካላማረ አንባቢ ይለፈኝ፤ ካልፈለገም አይለፈኝ። እናታችንን «አዮ» ነበር የምንላት። ቀፊራ ገበያ ከሰል ትሸጥ ነበር። ጆንያውን በጀርባዋ እየተሸከመች እኔንም ወንድሜንም አሳደገችን።

ልጄ ጎበዝ ወጣችና በነጻ ትምህርት ጃፓን ሄደች፤ እዚያው ሥራ ያዘች። የዚያን ክረምት «አባ፣ መጥተህ እየኝ» ብላ ትኬት ላከች። አዮ ወገቧን ያማት ነበር እንጂ ለሞት የምታሰጋ አልነበረችም። ልሰናበታት ስሄድ፣

«ሂድ፣ ኢልመ ኮ» አለችኝ፤ ልጄ ማለቷ ነው። «እኔ ከቀፊራ ወዲያ ያየሁት የለም። አንተ አይተህ ትነግረኛለህ።»

«ምን ላምጣልሽ?»

«ወሬ። ዕቃማ ታይዋንም ሞልቷል።» ታይዋን የምትለው እዚሁ ድሬ ያለውን የልባሽና የኤሌክትሮኒክስ ገበያ ነው።

ልጄ የምትኖረው ወንዝ ዳር ባለች ትንሽ ከተማ ነው። የድሬ ልጅ ሙቀት ይፈራል እንዴ ብዬ ነበር፤ የእነሱ ሙቀት ግን ውኃ ያዘለ ነው፣ ጥላ ሥር ብትገባም አይለቅህም። ከሙቀቱ ይልቅ ያቃጠለኝ ጽሑፉ ነው። ከስንት ዓመት በኋላ ከመሃይምነት የወጣሁ ሰው እንደገና መሃይም ሆንኩ። የሱቁን ስም ተወው፣ የሽንት ቤቱን በር እንኳ ማንበብ አቃተኝ። «አባ፣ እኔም መጀመሪያ እንዲሁ ነበርኩ» ትለኛለች። አላጽናናኝም።

ግን አልዋሽም፤ ደስ ብሎኝ ነበር። በዚያ ወራት በየሠፈሩ በዓል አለ፤ ሰው ሁሉ ደጅ ነው። በረዶ እንደ ዱቄት ፍቀው ቀይ ሽሮፕ ያፈሱበትና በማንኪያ ትበላለህ። ቀጭን ወረቀት በተወጠረበት ጭልፋ ከገንዳ ውስጥ ትንንሽ ቀይ ዓሣ የማውጣት ጨዋታም አለ፤ ወረቀቱ ከራሰ ይቀደዳል። ብረት በለመደ እጄ ስንቱን ቀደድኩት! ባለቤቱ ሽማግሌ አዘነልኝና አንዱን ዓሣ በላስቲክ አድርጎ ሰጠኝ። ወንዙ ላይ ርችት ሲተኩሱ ሕዝቡ በአንድ አፍ «ኦ!» ይላል፤ እኔም አብሬ «ኦ!» አልኩ።

ዓርብ ዓርብ እየደወልኩ ለአዮ አወራላት ነበር።

«ዓሣውን ምን አደረግኸው?» አለችኝ።

«ባልዲ ውስጥ ይዋኛል።»

«አትበላውም? ምን ዓይነት ሰው ነህ አንተ!»

ሳቅን። ከእሷ ጋር ያወራሁት የመጨረሻው ወሬ ይኸው ነው፤ የዓሣ ወሬ።

በሚቀጥለው ዓርብ ስልኩን ያነሳው ወንድሜ ነው። «ተኝታለች» አለኝ። በማግስቱ ስደውል «ሶላት ላይ ናት» አለ። ሶላት ላይ ያለ ሰው መቼም ይጨርሳል። አዮ አልጨረሰችም። እኔ ግን አልጠረጠርኩም፤ ልቤ በዓሉ ላይ ነበር።

ትልቁ በዓል የደረሰው በዚያው ሰሞን ነው። የሞቱ ዘመዶች ነፍስ በዓመት አንዴ ወደ ቤቷ ትመጣለች ብለው ያምናሉ፤ መብራት አብርተው ይቀበሏታል፣ ጨፍረውላት ይሸኟታል። እኔ ሙስሊም ነኝ፣ እምነቱ የእነሱ ነው፤ ማየት ግን ምን ይጎዳል ብዬ ሄድኩ። ልጄ ዩካታ የሚሉትን ስስ የጥጥ ልብስ ገዛችልኝ። ሽርጥ ለለመደ ሰው አይከብድም፤ እኔው ደራረብኩና ታጥቄ ወጣሁ። አንዲት ጎረቤት አሮጊት አየችኝና እየጮኸች ሮጣ መጣች። ልብሴን ፈትታ ግራውን ከላይ፣ ቀኙን ከሥር አደረገችው።

«ምን ሆነች?»

«አንተ እንደለበስከው የሚለበሰው ለሬሳ ነው፣ አባ።»

«ገና አልሞትኩም በያት!»

አሮጊቷ ስትስቅ ልጄ ፊቷን አዞረች።

በእንጨት ማማ ላይ ከበሮ ይመታል፤ ሰው ዙሪያውን ክብ ሠርቶ እየጨፈረ ይዞራል። አንደኛው ጭፈራ የከሰል ቆፋሪዎች ነው አለችኝ ልጄ። በአካፋ ትቆፍራለህ፣ በትከሻህ ትሸከማለህ፣ ዓይንህን በእጅህ ጋርደህ ወደ ኋላ ታያለህ፣ ጋሪ ትገፋለህ።

«ይሄማ የአዮ ጭፈራ ነው!» አልኩ።

«የድንጋይ ከሰል ነው እኮ፣ አባ።»

«ከሰል ከሰል ነው! ቅረጪኝና ላኪላት!»

ወገቤን እንደ አዮ ጎበጥ አድርጌ፣ ጆንያ እንዳዘለ ሰው ጨፈርኩ። ጃፓኖቹ አጨበጨቡልኝ። ልጄ ቀርጻ ላከችው። ብዙም ሳይቆይ ወንድሜ መለሰ፤ «አሳየኋት። በጣም ሳቀች።» አዮ በዚያን ሰዓት አፈር ከገባች ሰንብታለች።

በበዓሉ ማብቂያ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ የሙታንን ስም የወረቀት ፋኖስ ላይ ጽፈው ወንዙ ላይ ይለቁታል። ልጄ አንድ ፋኖስ ገዝታ እስክሪብቶ ሰጠችኝ። የአባቴን ስም በእኛው ፊደል ጻፍኩ።

«ሌላስ?» አለችኝ።

«ሌላ ማን ሞተብኝ?»

ፋኖሱን ከእጄ ነጥቃ ለቀቀችው፤ ከዚያ ማልቀስ ጀመረች። ስሙን የጻፍኩትን አያቷን አስባ መሰለኝ። ትከሻዋን መታ መታ እያደረግኩ «አይዞሽ» አልኳት። እኔ! አጽናኙ እኔ!

እኛ አገር መርዶ በስልክ አይነገርም፣ በመንገድም አይነገርም። ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎች ደጅህን አንኳኩተው፣ ገብተው ተቀምጠው ያረዱሃል። ወንድሜም ድሬ በገባሁ ማግስት ሊያደርገው ያሰበው ይህንኑ ነበር አሉ። ለዚህም አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ አልመጣም፤ ፊቱ እንዳያሳብቅበት። የሠፈራችን ባጃጅ ነጂ አገኘኝና ጫነኝ።

«እሺ አቦ፣ ጃፓን እንዴት ናት?»

ስለ ርችቱ ነገርኩት። ስለ ከሰሉ ጭፈራ ነገርኩት። «ለእናቴ የማወራው ብዙ ነው» አልኩ።

ፍጥነቱን ቀነሰ። «አዎ… አላህ ይርሐማት» አለ።

ይህ ቃል ለሞተ ሰው እንጂ በሕይወት ላለ አይባልም። በመስታወቱ አየኝና ባጃጁን አቆመ።

«አልሰማህም እንዴ? ወላሂ፣ የምታውቅ መስሎኝ ነው!»

ቤት ስደርስ ድንኳኑ ተነስቷል። ወንበሩ ለዕድሩ ተመልሷል። እየጮኽኩ ስገባ ጎረቤቶች ከየበራቸው ብቅ ብለው አዩኝ። ያዘኑት ለእኔ ነው፤ ለአዮ አልቅሰው ጨርሰዋል። ብቻዬን አለቀስኩ፤ ለቅሶ ግን የብቻ አይደለም፣ አይወጣልህም።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ወንድሜ ሽማግሌዎቹን ይዞ መጣ። በር አልከፈትኩም። «ባጃጁ ቀድሟችኋል!» አልኳቸው ከውስጥ። ከዚያ ወዲያ አንድ መስጊድ እየሰገድን ሰላም አንባባልም ነበር። ረመዳን መጥቶ ሄደ፣ ዒድም እንዲሁ። ልጄ እየደወለች ታለቅሳለች።

«አባ፣ ብትሰማስ ትደርስ ነበር? በዕለቱ ነው የቀበሯት።»

እውነቷን ነው፣ አልደርስም። ግን አልጨፍርም ነበር።

በመጨረሻ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ብቻውን መጣ። «ምን ብናደርግልህ ይበርድልሃል?»

«መርዶዬን አምጡልኝ።»

«አንተ ሰው፣ ታውቀው የለም እንዴ?»

«የማውቀው ከባጃጅ ነው። እናቴ የባጃጅ ወሬ አይደለችም።»

ሊስቅ ጀምሮ ተወው። «እሺ፣ ከዓረፋ በኋላ» ብሎኝ ሄደ።

የዓረፋ ማግስት፣ ከሱብሂ ሶላት በኋላ፣ ደጄ ተንኳኳ። ሽማግሌዎቹ ገቡ፤ ወንድሜ ከሁሉም ኋላ። እኔም እንዳልሰማ ሰው «ምነው በማለዳ? ሰላም ነው?» አልኩ። ትልቁ ሽማግሌ ጉሮሮውን ሲጠርግ ወንድሜ «እኔ ልንገረው» አለ።

«አዮ ሞታለች» አለኝ።

«ሳቀች ያልከኝስ?»

«ዋሸሁ።»

እሪ አልኩ። እሱም እሪ አለ። ሽማግሌዎቹ «ሶብር፣ ሶብር፣ ቻሉት» እያሉ ያዙን። ጎረቤት ሰምቶ መጣ፤ ምንጣፍ ተነጠፈ፣ ሰው እስከ ረፋድ አብሮኝ ተቀመጠ። ሲበተኑ ለልጄ ደውዬ «ተረዳሁ» አልኳት። ጭፈራውን የቀረጸችውን ግን እስካሁን መልሼ አላየሁትም። ወንድሜን ይቅር ያልኩት ያን ዕለት ነው፤ ቅዳሜ፣ ግንቦት 30 ቀን 2017 ዓ.ም.።