ከመስኮቱ ሥር ያለችው ቀዳዳ

ነፍሳቸውን ይማርና አጎቴ የሰው ቤት መስኮትና አሸንዳ እያጸዱ ነው የኖሩት። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ነጭ የፕላስቲክ መስኮት በጭቃና በጭስ ሲወይብ የሚጠሩት እሳቸው ነበሩ። በሽቦ የሚፈትግ ሰው ካዩ ይቆጣሉ፤ "የጫርከው ቦታ ሁሉ እድፍ ይይዛል" ይላሉ። እሳቸው ለብ ባለ የሳሙና ውሃ ያርሱትና፣ እድፉ እስኪለቅ ጠብቀው በለስላሳ ጨርቅ ያብሱታል። መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ ከመጥረጊያ ላይ አንድ ስንጥር ይመዙና ከፍሬሙ ሥር ያለችውን ትንሽ ቀዳዳ ይጎረጉራሉ። "ውሃው መውጫ ካጣ ወደ ቤት ነው የሚገባው።"

ከአርባቸው በኋላ ዘመድ ተሰብስቦ ቤታቸው ባዶ እንዳይሆን እኔ እንድቀመጥበት ወሰነ። ባሕር ዳር ሥራ አለኝ ብል ታላቅ እህታቸው፣ "አንቺ እንደሁ አላገባሽ፣ አልወለድሽ፤ ምን የሚይዝሽ አለ?" አሉኝ። መጥቼ ገባሁ። ሻንጣዬ እስካሁን አልተፈታም።

ትናንት ዝናቡ ሲበረታ የመኝታ ቤታቸው መስኮት ፍሬም ሞልቶ ውሃው በግድግዳው ወደ አልጋቸው ወረደ። ቀዳዳዋ በአፈር ተደፍናለች፤ እሳቸው ከሞቱ ወዲህ የነካት የለም። ስንጥር መዝዤ ጎረጎርኳት። ውሃው ወዲያው ወደ ውጭ ፈሰሰ። እኔ አልጋቸው ጫፍ ላይ፣ ካልተፈታው ሻንጣዬ አጠገብ ተቀምጬ ሲወጣ አየሁት።