ቅሬው የመጣ ለት

በረዶ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ልጆቼ እየጮኹ ወደ ደጅ ይሮጣሉ፣ እኔ ግን ጭንቅላቴን በእጄ ይዤ ግድግዳው ሥር ኩርምት እላለሁ፤ ያ ድምፅ ሐይቅ ከተማ ዳር ወዳለው የአባቴ ቤት፣ ጣራችን ላይ ድንጋይ ይወርድ ወደነበረበት ክረምት ይመልሰኛል።

ታላቅ ወንድሜ ሰይድ ዓሣ አጥማጅ ነበር። ትንሽ ሳለሁ መንገዱ ሲጨቀይ በአንድ ትከሻው እኔን፣ በሌላው መረቡን ተሸክሞ ወደ ሐይቁ ይወርድ፣ ያጠመደውን የቆሮሶ ዓሣ ሸጦም ለአያቴ መድኃኒት ይገዛላት ነበር። ክፉ ቃል ተናግሮት የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

በዚያ ክረምት መግቢያ ላይ አባቴ ሽማግሌ ልኮ ዘይነባ የምትባል የጎረቤት ልጅ አጨለት፣ ሰይድ ግን አላገባም አለ። እኛ አገር የታጨች ልጅ ከተተወች ነውሩ የእሷ ነው፤ «ምን ተገኝቶባት ይሆን?» ይባልና ሌላ ሽማግሌ ደጇን አይረግጥም። ሰይድ ይህን ስለሚያውቅ የሽማግሌዎቹን አለቃ አያ ይማምን ለብቻቸው አግኝቶ፣ «አያ፣ ልጅቷ እንከን የለባትም። ልቤ ወደ ወንድ እንጂ ወደ ሴት አይሄድም። የሰው ልጅ አላታልልም፤ ስሟ እንዳይጠፋ ብቻ ይርዱኝ» አላቸው። ይህን በኋላ የነገረችኝ እናቴ ናት። አያ ይማምም «ወላሂ፣ ከእኔ አይወጣም» ብለው ማሉለት። ሳምንት ሳይሞላ ገበያው ሁሉ ሰማ።

ከዚያ ወዲያ ልጆች እየመጡ ጣራችንን በድንጋይ ይደበድቡ ጀመር። «ሴታሴት! ውጣ! ቀሚስ እንግዛልህ?» ይላሉ፣ ወላጆቻቸው ከአጥሩ ማዶ ሆነው ይስቃሉ። ዓሣውን የሚገዛውም ጠፋ፤ የድሮ ደንበኛው የነበረች ሴት ቆሮሶውን ካነሳች በኋላ፣ «ውይ፣ ለካ የሱ እጅ ነክቶታል» ብላ መሬት ላይ ጣለችው።

መስከረም ጠብቶ ትምህርት ሲከፈት ነገሩ ወደ እኔ ዞረ። ስድስተኛ ክፍል ነበርኩ። «የሴታሴቱ እህት» እያሉ ሻሼን ይጎትቱ ነበር፣ መምህሩም እየሰማ ወደ ሰሌዳው ዞሮ ይጽፍ ነበር። ድሮም ዓይን አፋር ስለነበርኩ መልስ መስጠት አቅቶኝ፣ ማሽላው ሳይታጨድ ትምህርቴን ተውኩና በዚያው ቀረሁ። በአጨዳው ሰሞን ደግሞ የዘይነባ ወንድሞች፣ የእህታቸውን ስም ያዳነላቸውን ልጅ መንገድ ላይ ጠብቀው ጥርሱን አወለቁት። እናቴ አፉን በጨው ውሃ እያጠበችለት፣ «ምነው ዝም ብትል ኖሮ?» ስትለው፣ «ታዲያ እሷ ትውደቅ?» አላት።

በጋ ላይ ቅሬው ተሰበሰበ። ቅሬ እኛ ዘንድ መቃብር የሚቆፍር፣ ቃሬዛ የሚሸከም፣ ለቀስተኛ የሚያበላ የመንደር ማኅበር ነው፤ ከቅሬ የተባረረ ሰው እሳት እንኳ የሚጭርለት የለም። አያቴ በዚያን ጊዜ ከአልጋ መነሳት አቅቷት ነበር። አያ ይማም አባቴን እያዩ፣ «ወይ ልጅህን አስወጣ፣ ወይ እናትህን ለብቻህ ቅበር» አሉት።

በቅሬ ስብሰባ ሴት አትናገርም ነበር። እናቴ ግን ከኋላ ተነሳች።

«አያ ይማም፣ ልጄ ማንን በደለ? የሰው ልጅ ስም ላድን ብሎ ምስጢሩን ሰጠዎት፣ እርስዎም ማሉለት። ከሁለታችሁ ሐራም የሠራው ማን ነው?»

«አንቺ ሴትዮ፣ ተቀመጪ!»

«አልቀመጥም። ልጄን ግደሉት ማለት ነው እንዴ ዝም የምትሉት?»

«ቀሚስሽን አውልቀሽ ስጪውና ይገላገል!» አለ አንዱ ከወንዶቹ መሃል፣ ሜዳው በሳቅ ተናጋ። አባቴ አንገቱን ደፋ። ዘይነባ ከሴቶቹ መሃል ሻሿን አፏ ላይ ይዛ ታለቅስ ነበር።

በማግስቱ ሰይድ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው ሁሉ በየደጁ ቆሞ እያየው፣ ልብሱን በፌስታል ይዞ ወጣ።

አያቴ የበልጉ ዝናብ ሲጀምር ሞተች፣ ቅሬውም አንድ ሰው ሳይጎድል መጣ። ቆፈሩ፣ ተሸከሙ፣ በሉ፣ «አላህ ያጽናችሁ» አሉን፤ አያ ይማም አባቴን አቅፈው አለቀሱ። ሰይድ መርዶውን ሰምቶ ከኮምቦልቻ መጥቶ ነበር፣ ግን የዘይነባ ወንድሞች ከመቃብሩ በታች ዱላ ይዘው አቆሙት። እናቴ ወደ እሱ ልትሮጥ ስትል ሴቶቹ ክንዷን ይዘው «ለቅሶውን አታበላሺ» አሏት። ከቆመበት አፈር ዘግኖ እዚያው መንገዱ ላይ በተነና ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ አላየሁትም።

ዛሬ እኔም ትዳር ይዤ የቅሬ አባል ነኝ። በቀደም ለለቅሶ ቤት ሽንኩርት እየላጥን ሴቶቹ የአንዲት ጎረቤታችንን ልጅ «ሴታሴት» እያሉ ይስቁ ጀመር። «መድኃኒቱ ድንጋይ ነው» አለች አንዷ። የልጁ እናት እዚያው ከጎኔ ተቀምጣ ነበር። ሰው ፊት መናገር ሞት ይመስለኛል፤ ግን ቢላዋዬን አስቀምጬ፣ «ወንድሜ እንደዚያ ነበር። በድንጋይ ያተረፍነው እሱን ማጣት ነው። ልጁን ተዉት» አልኩ።

ሳቁ ቆመ። በርጩማቸውን አንስተው ከአጠገቤ የራቁ አሉ፣ እስከ ዛሬም ሰላምታ የነፈጉኝ አሉ። ያኔ በቅሬው ስብሰባ እናቴ ስትነሳ በዙሪያዋ የነበሩት ሁሉ ፈቀቅ ብለው ብቻዋን ነበር የቆመችው። የልጁ እናት ግን ከጎኔ አልተነሳችም፤ ሽንኩርቷን መላጥ ቀጠለች።