ከጣሪያ ጣሪያ በዜማ

ከአገሬ ከሐርቡ የወጣሁት ሱብሂ ሳይሰገድ ነው። እማ አላለቀሰችም፤ በአውቶቡሱ መስኮት እጇን አስገብታ ሻሼን ደጋግማ አስተካከለችልኝ።

ለቤት ሥራ ተቀጥሬ መካ ስደርስ መንሱር በሚባለው ሰፈር የምትኖር ማዳም ተረከበችኝ። ስልኬን «ሥራ እስክትለምጂ» ብላ ቆለፈችብኝ። ሐርቡ ሞቃት ነው ስል ኖሬ፣ ወላሂ፣ የመካን ፀሐይ ሳያት የእኛዋ ጥላ ሆነችብኝ! ሩዙ ይጣፍጣል፤ ግን ወጥ ቤት ቆሜ ብቻዬን ነው የምበላው። እኛ አገር ብቻውን የሚበላ የታመመ ሰው ነው።

በሁለተኛው ሳምንት ጣሪያ ላይ ልብስ ሳሰጣ፣ ከጎረቤት ጣሪያ የሠርግ ዘፈን የመሰለ ነገር ሰማሁ። ቃሉን ሳደምጥ፦

«ባለ አረንጓዴ ሻሽ፣ የየት አገር ልጅ ነሽ፤
እኔ መሪማ ነኝ፣ አንቺስ ማን ነው ስምሽ?»

እንባዬ መጣ። በዚያው ዜማ መለስኩላት። ማዳም ደረጃውን ወጥታ፣ «ምንድን ነው ይሄ?» አለች።

«የአገሬ ዘፈን ነው፣ ማዳም። ሥራ ያፈጥናል።»

«እንግዲያው ጮክ በይ!»

እንዲህ እያልን አምስት ቤት ተገናኘን። ሕጋችን ሁለት ብቻ ነበር፦ የሰማሽውን ሳትጨምሪ ሳትቀንሺ አሳልፊ፤ የጠፋችውን ሳትጠይቂ አትውረጂ።

ዒድ ሲቃረብ ሐያት የምትባለው የዳር ቤቷ ልጅ ሁለት ቀን ጠፋች። ከአምስታችን አንዷ፣ ጎረቤቷ፣ በመታጠቢያ ቤቱ መስኮት ስታቃስት ሰማቻት። ከእኛ መሀል ስልክ ያላት መሪማ ጅዳ ለምትኖር ሐበሻ ነርስ፣ ለሲስተር ትዕግሥት ደወለች። ሲስተር ክርስቲያን ናትና መካ መግባት አትችልም፤ ግን፣ «ሕመሙ ከሆዷ በታች በቀኝ ነው? ያስመልሳታል?» ብላ ጠየቀች። ጥያቄው በጣሪያ ሄዶ፣ መልሱ በጣሪያ ተመለሰ።

«ትርፍ አንጀት ይመስላል። ዛሬውኑ ሆስፒታል!» አለች ሲስተር።

ማን ይንገርላት? የሐያት ማዳምና የእኔዋ ምግብ ይላላካሉ፤ ስለዚህ ነገሩ እኔው ላይ ወደቀ። ማዳሜ የላከችላትን ሳምቡሳ ይዤ ሄድኩ።

«ሐያት በጣም ታማለች፤ ሆስፒታል ትሂድ» አልኩ በተሰባበረ ዓረብኛዬ።

«ሰነፍ ናት። ዒድ ሲመጣ ሁላችሁም ትታመማላችሁ።»

«ማዳም፣ ብትሞትስ የዒዱን ቤት ማን ያጸዳል?»

ሳህኑን ተቀብላ ሾፌሩን ጠራች።

ሐያት በዚያው ቀን ቀዶ ጥገና ተደረገላት። ሐኪሙ «ትንሽ ብትዘገዩ ይፈነዳ ነበር» አለ አሉ። ማዳሟ ደንግጣ ራሷ ሾርባ ስታመላልስ ሰነበተች። የእኔዋም ወሬውን ስትሰማ፣ ስልኬን አውጥታ ሰጠችኝ።

ለዒድ አምስታችንም፣ እያንዳንዳችን በየቤታችን፣ አንድ ቀን ፈቃድ ለመንን። ተሰጠን። ለመጀመሪያ ጊዜ መሬት ላይ ተያየን። ጣሪያ ላይ ግዙፍ የመሰለችኝ መሪማ ለካ ከትከሻዬ በታች ናት! አፍረን ተፋጠጥን፤ ያለ ዜማ እንዴት እንደሚወራ የጠፋን ይመስል። ቀድማ የሳቀችው ሐያት ናት፣ ቁስሏን በእጇ ደግፋ።

ለእማ በቪዲዮ ደወልኩና አንድ በአንድ አሳየኋት። «ማሻአላህ» እያለች ሁሉንም በየስማቸው መረቀች። ከዚያ ፊቷን ወደ ስልኩ አስጠግታ፣ «መቼ ነው ታዲያ የምትመጡት?» ብላ ጠየቀች። ሁላችንንም።

እርስ በርስ ተያየን።

«ኢንሻአላህ» አልን፣ አምስታችንም ባንድ ድምፅ።