በር ከፋቿ ኦርፋ ቶሊቨር

ኦርፋ ቶሊቨር የትዳር ዘመኗን መኪና ውስጥ በስተቀኝ ተቀምጣ አሳለፈች ቢባል ማጋነን አይደለም። በከብት አርቢዎቹ አገር በዋዮሚንግ ከሹፌር አጠገብ የሚቀመጥ ሰው ሥራ አለው። የከብት አጥር በተደረሰ ቁጥር ወርዶ በር ይከፍታል፤ መኪናው ሲያልፍ ዘግቶ ተመልሶ ይገባል። ክፍት ያገኘውን ክፍት፣ ዝግ ያገኘውን ዝግ አድርጎ መሄድ ግዴታው ነው፤ ይህን ያፈረሰ ሰው በዚያ አገር ከከብት ሌባ ተለይቶ አይታይም። የኦርፋ እጆች በእሾሃማ ሽቦ የተቧጨሩት በዚህ ሹመት ነው። ከትምህርት ቤት ወጥ ቤት ጡረታ ወጥታለች፤ በር ከፋችነት ግን ጡረታ የለውም።

ባሏ ቨርሊን ትልቅ ሰው ነው፤ የጋሪ ዱካ ተከታዮች ማኅበር አለቃ። የማኅበሩ ሰዎች በየበጋው ይሰበሰቡና፣ ቅድመ አያቶቻቸው በበሬ በሚጎተት ጋሪ ወደ ምዕራብ የሄዱበትን መንገድ በመኪና ይከተላሉ። የእነዚያን ጥማትና ረሃብ እንቅመስ ይላሉ፤ ቀዝቃዛ አየር በሚነፋ መኪና ተቀምጠው፣ በረዶ እየቆረጠሙ። መቃብር ባዩ ቁጥር ወርደው ባርኔጣ ያወልቃሉ፣ አፍንጫ ይናፈጣሉ። ጋሪዎቹ ሲደርሱ አገሩ ባዶ አልነበረም፣ ሾሾኒ የሚባሉ ነባር ሕዝቦች ይኖሩበት ነበር የሚላቸው ከመጣ ግን ድንገት ዝናብ ያስፈራቸውና ወደ መኪናቸው ይሮጣሉ።

ኦርፋን ይህ ሁሉ አያስጨንቃትም። የሚያስጨንቃት የቨርሊን ዓይን ነው።

ባለፉት የበረዶ ወራት ሁለቱንም ዓይኑን ሞራ ጋረደው። ሐኪሙም እስኪታከም ድረስ መሪ እንዳይጨብጥ ከለከለው። ቨርሊን ግን ሕክምናውን ከበጋው ጉዞ በኋላ እንዲሆን አስተላለፈው፤ ማኅበሩ ከሰማ አለቅነቱን ለምክትሉ ለሮስኮ ሊሰጥበት ነዋ! ኦርፋም ለማንም እንዳትናገር አስማላት። ማለች። ከቤት ከወጡ ጀምሮ እግሯ ምንጣፉ ላይ የሌለ ፍሬን ሲረግጥ ሰነበተ።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ስዊትወተር ወንዝ አቅራቢያ ሜዳው ላይ ቨርሊን ድንገት ጮኸ።

«ያውና! ሁለት መስመር ጎን ለጎን! የማንም ካርታ ላይ የሌለ ዱካ!»

መሪውን ወደ ሳሩ ጠመዘዘው። የእነዚህ ሰዎች በሽታ ይኸው ነው፤ ምድር ላይ ሁለት ጭረት ካዩ የአያታቸው ጋሪ ነው። ኋላ የሚከተሉት መኪኖችም ተራ በተራ ተጠመዘዙ። አለቃ መርቷልና ማን ይጠይቃል?

የመጠየቅ ድፍረት የነበረው ሮስኮ ብቻ ነው፤ ድምፁ በመገናኛ ሬዲዮው መጣ። «አለቃ፣ የመንገዱ ምልክት ወደ ግራ ይላል እኮ። ወዴት እየወሰድከን ነው?»

«ወደ ታሪክ!»

«እሺ፣ ታሪክ ውስጥ መጸዳጃ ካለ ንገረን፤ ሚስቴ ተቸግራለች።»

ኦርፋ መስመሮቹን አየች። መሐላቸው ላይ እበት አለ።

«ቨርሊን፣ እበት አለ።»

«በሬ ነዋ ጋሪውን የጎተተው!»

«ገና እርጥብ ነው።»

«አንቺ ሴትዮ፣ ልቤን አታድርቂው!»

ዱካው ከብቶች ውሃ ለመጠጣት የሚወርዱበት ነበር። ኦርፋ ቀና አለች። ፊት ለፊት ሳሩ ያልቃል፤ ከዚያ ወዲያ ሰማይ ብቻ ነው። ከሳሩ ጫፍ የዛፍ አናት ብቅ ብሏል፤ ግንዱ ከታች፣ ከወንዙ ዳር ነው። ከብት ጫፉ ላይ ሲደርስ ዞሮ አንድ በአንድ ይወርዳል። መኪና ግን መዞሪያ የለውም። ልትጮህ አፏን ከፈተች።

ከገደሉ ወዲህ አንድ አጥር ነበር። ቨርሊን ግንዶቹ ጥላ መስለው ታዩትና ቆመ።

«በር!» አለ እንደ ልማዱ።

የኦርፋ እጅ በልማድ ወደ መክፈቻው ሄደ። ከዚያ ደረቀ። ሥርዓቱ የታወቀ ነው፤ እሱ ያልፋል፣ እሷ ከኋላ ቀርታ ትዘጋለች። ዛሬ ግን በሩን ዘግታ ዞር ስትል ባል የላትም። ገደል ነው ብትለውም እንደ እበቱ አይሰማትም።

«ዛሬ አንተ ክፈተው» አለች።

«ምን?»

«ጉልበቴን አሞኛል።»

«ይህን ሁሉ ዘመን ያላመመሽ ጉልበት!» እያጉረመረመ፣ ሞተሩን ሳያጠፋ ወረደ።

በሩን የያዘው የሽቦ ቀለበት ከአፍንጫው ፊት ነበር። ቨርሊን ግን ከእሱ ወዲያ ዳበሰ፣ ከእሱ ወዲህ ዳበሰ። እሾሁ ሲወጋው እጁን አራገፈ።

«አለቃ፣ በሩን እየከፈትከው ነው ወይስ እየባረክኸው?» አለ ሮስኮ በሬዲዮው እየሳቀ። ቨርሊን መዳበሱን ሲቀጥል ሳቁ ተቋረጠ።

ኦርፋ ወደ መሪው ተንሸራተተችና የሹፌሩን በር ቆለፈች። ቨርሊን ተመልሶ መክፈቻውን ጎተተ።

«ኦርፋ፣ ክፈቺ!»

«በወዲያ በኩል ክፍት ነው።»

«ሰዎቹ እያዩን ነው!»

«እነሱ ያያሉ። አንተስ?»

መክፈቻውን ለቀቀ። ከዚያ መዳፉን ሞተሩ ክዳን ላይ እያስኬደ፣ ዞሮ በእሷ ቦታ ገባ።

ኦርፋ ማርሽ አስገባች፤ በፍርሃት ያስገባችው ግን የፊቱን ነበር። መኪናው ዘለለ። የአጥሩ ሽቦ ተወጥሮ ሲጢጥ አለ፣ አንዱ ግንድ ወደ ገደሉ ዘመመ። በሁለት እግሯ ፍሬኑ ላይ ቆመች።

«ወዴት ነው? ፊት ለፊታችን ምንድን ነው ያለው?» ሲል ቨርሊን ጮኸ።

«ምንም» አለች። «ገደል ነው፣ ቨርሊን። ከበሩ ወዲያ መሬት የለም።»

ቨርሊን ሬዲዮውን በዳበሳ አነሳ።

«ሮስኮ፣ ሁላችሁም ወደኋላ ሂዱ። እኔ አላይም። ከበረዶው ወራት ጀምሮ አላይም።»

 «እሺ» ብቻ አለ ሮስኮ።

ኦርፋ በመስታወቱ እያየች መኪናውን ወደኋላ ሳበችው። ጎማው ጉድጓድ በነካ ቁጥር የቨርሊን እግር ምንጣፉን ሲረግጥ ሰማች።

ዋናውን መንገድ እንዳገኙ ሌላ አጥር ጋ ደረሱ። ኦርፋ መኪናውን አቆመች።

«በር» አለች።

ቨርሊን ወረደ። ቀለበቱን እስኪያገኘው ብዙ ቆየ፤ በሬዲዮው ግን ማንም አልሳቀም።