የእትዬ ዘይነባ እጅና የበርሜሉ ውሃ

ዛሬ ጎረቤቴ እትዬ ዘይነባ "ያ አላህ፣ እጄን ጨረስከው" ብለው ሲጮሁ ጆጉን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ።

ጠዋቱን ሙሉ በርበሬ ሲቀነጥሱ ቆይተው እጃቸው ነዶባቸው ነበር። በርበሬው ደግሞ የእኔ ነው።

"ዘይት ካለህ ስጠኝ" አሉኝ። እኔ፣ የባዮሎጂ መምህሩ፣ "ዘይት ምን ያደርጋል፣ በውሃ ይታጠቡት" ብዬ ከግቢው በርሜል ቀድቼ አፈሰስኩባቸው። የቆቦ ፀሐይ ሲቀቅለው የዋለ ውሃ ነው። (ሻይ ለመሆን የቀረው ቅጠልና ስኳር ነበር።)

ያሳፈረኝ፣ ባለፈው ሳምንት ያስተማርኩት ይህንኑ መሆኑ ነው። ነርቫችን ላይ ሙቀት ሲነካት የምትከፈት የፕሮቲን በር አለች፤ በርበሬም ያችኑ በር ይከፍታታል። አንዴ በርበሬ ከነካት ለብ ያለ ውሃም እሳት ይሆንባታል። የሚያቃጥለው ነገር ደግሞ በዘይት እንጂ በውሃ አይለቅም። ሰሌዳው ላይ በቀይ ጠመኔ ስዬዋለሁ።

ተማሪዬ የሆነችው ልጃቸው ከቤታቸው ዘይት ይዛ መጣች። አየት አድርጋኝ ዘወር አለች።

እትዬ ዘይነባ ግን እጃቸውን በዘይት እያሹ "አይዞህ መምህር፣ ቀንጥሰህ አታውቅ፣ በምን ታውቀዋለህ" አሉኝ።

የምታውቁት ነገር በሚፈለግበት ሰዓት የጠፋባችሁ ካላችሁ ጻፉልኝ፤ ብቻዬን አልፈር።

የቀረውን በርበሬ እኔው ቀንጥሼዋለሁ። ይህን የምጽፈው ዘይት በጠጣ ጣት ነው።