ተጣጣፊው ቢስክሌትና አልታጠፍ ያለው ጉልበቴ

ሕመሙ የጀመረኝ ለክረምት ዕረፍት ከአዲስ አበባ መጥቼ አዳማ ጣቢያ ከባቡር በወረድኩበት ዕለት ነው። የመጨረሻውን ደረጃ ስረግጥ ቀኝ ጉልበቴ ውስጥ አንድ ነገር አቃጠለኝ። ብዙ ስለ ተቀመጥኩ ደንዝዞ ነው ብዬ እስከ ቤት በእግሬ ሄድኩ። ሲመሽ ጉልበቴ አብጦ ሱሪዬ አልወልቅ አለ። ይህን የምጽፈው እንደ እኔ ጉልበቱን ታሞ በምን እንደሚንቀሳቀስ ለሚጨነቅ ሰው ነው።

ትኩሳቱ ሲጨምር እናቴ ምች ነው ብላ ዳማከሴ ጨምቃ አጠጣችኝ። መስኮቱንም ዘጋችው። በሰፈራችን ከፀሐይ የመጣ ሰው በቀጥታ በሽተኛ ዘንድ አይገባም፤ ጥላው ይወጋል ይባላል። ስለዚህ ጠያቂዎቼ ላባቸው እስኪደርቅ ደጅ ላይ ይቀመጡ ነበር። አንዳንዶቹ በግድግዳው በኩል «አካም ቡልቴ»፣ እንዴት አደርክ ብለውኝ፣ ከዚያ ጨዋታው ጥሟቸው ሳይገቡ ይሄዱ ነበር።

ወጌሻ መጣ። ጉልበቱ ወልቋል አለ። በቅቤ አሸው። ጎተተው። ጮህኩ። በማግስቱ ቆዳው ቀላ። እግሬን ማንሣት አቃተኝ። ላብ። ብርድ። ጨለማ። መንጋቱንና መምሸቱን የምለየው በባቡሩ ፉጨት ብቻ ሆነ።

ሐኪም ያመጡልኝ ጎረቤታችን ጋሽ ይመር ናቸው። ጋሽ ይመር ከወሎ መጥተው አዳማ የከተሙ፣ በበቅሎ እስከ ሻሸመኔ እየዘለቁ የሚነግዱ ሰው ናቸው። አንድ ግሪካዊ ሐኪም ወለንጪቲ መውረዳቸውን ሰምተው ለምነው ይዘዋቸው መጡ። እናቴ ግን ሐኪሙንም እንደ ሌላው ሰው ደጅ ላይ አስቀመጠቻቸው። አማርኛ ያውቃሉ፤ ነገሩ ግን አልገባቸውም። «እመቤቴ፣ የታመመው ልጅዎ ነው ወይስ እኔ ነኝ?» ሲሏት ሰማሁ።

ገብተው ጉልበቴን ዳሰሱ። «አርትሪት ነው» አሉ። መገጣጠሚያው ውስጥ መግል ቋጥሯል። ምችም ውልቃትም አይደለም። በመርፌ ቀዱት። እግሬን በጣውላ አሰሩት። አስፕሪን ሰጡኝ፣ ማንም እንዳያሸኝም ከለከሉ።

ትኩሳቱ ቀስ በቀስ ለቀቀኝ፤ ጣውላው ሲፈታ ግን ጉልበቴ እንደ ደረቀ ቆዳ ግትር ብሎ ቀረ። ትምህርት ቤት ከመስቀል በኋላ ይከፈታል። ተማሪ በመክፈቻው ስም ሲጠራ ካልተገኘ ቦታው ለሌላ እንደሚሰጥ ተነግሮናል። የማድረው ጉለሌ አክስቴ ዘንድ ነበር፤ ከዚያ እስከ ትምህርት ቤቱ ያለውን ዳገትና ቁልቁለት በደኅና እግሬም እፈራው ነበር።

ይህን ጭንቀቴን ያወቁት ጋሽ ይመር አንድ ተጣጣፊ ቢስክሌት አመጡ። ከጅቡቲ በባቡር የመጣ፣ መሐሉ ላይ ማጠፊያ ያለው፣ ወታደሮች በጀርባቸው የሚሸከሙት ዓይነት ነው አሉኝ። ለሻሸመኔ ነጋዴ የታሰበ ቢሆንም ምርጫውን አስቀድመው ለእኔ ሰጡኝ። ከቤት እስከ ጣቢያ እነዳዋለሁ፣ አጥፌ ባቡር ላይ እጭነዋለሁ፣ አዲስ አበባ ስደርስ እዘረጋዋለሁ። አልጋዬ አጠገብ አጥፈው አቆሙትና «ብረቱ እሺ ብሎ ይታጠፋል፤ ያንተ ጉልበት ነው እምቢ ያለው» እያሉ ያሾፉብኝ ጀመር። እኔም ተኝቼ እሱን እያየሁ በሐሳቤ ዳገቱን ስወጣና ስወርድ እውል ነበር። እሳቸውንም ማስደሰት እፈልግ ነበር።

ሐኪሙ ዳግመኛ ሲመጡ ቢስክሌቱ ይሆነኝ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። «አንሣው» አሉኝ። በአንድ እጄ ግድግዳ ይዤ በሌላው ሞከርኩ። ከመሬት ብዙም አልተነሣም።

«ሲታጠፍ አነሰ እንጂ አልቀለለም» አሉ። «ባቡር ላይ የሚያወጣልህ ማን ነው?»

ግቢ ውስጥ ዘረጉት። ጋሽ ይመር ኮርቻውን ይዘው አወጡኝ። ፔዳሉ ወደ ላይ መጣ። ጉልበቴ ቆመ። ቢስክሌቱ አጋደለ። ጋሽ ይመር ባይዙኝ እወድቅ ነበር። ተመልሼ ተኛሁ። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ትምህርቴ አበቃ አልኩ።

በኋላ ጋሽ ይመርን «ይውሰዱት፤ ለእኔ አይሆንም» አልኳቸው። ይቀየማሉ ብዬ ስጠብቅ «ከትምህርት ቤቱ አጠገብ ማን አላችሁ?» ብለው ጠየቁኝ። ማንም የለንም አልኩ። ርቀቱን በምን እንደምሄደው እንጂ ርቀቱን ስለ ማስቀረት አስቤ አላውቅም ነበር። እሳቸው ግን እዚያው አጠገብ ጨርቅ የሚሸጥ አንድ የአገራቸው እስላም፣ ጓሮውም ውስጥ ባዶ ክፍል እንዳለ ያውቃሉ።

እናቴ ደነገጠች። «እስላም ቤት? ሥጋው እንዴት ሊሆን ነው?»

«ተማሪ ሥጋ የሚበላው መቼ ነው?» አሏት ጋሽ ይመር። እናቴ ሳቀች፤ ከዚያ ሽሮ ታሰናዳልኝ ጀመር።

ቢስክሌቱ በበቅሎ ወደ ሻሸመኔ ሄደ። እኔን ጋሽ ይመር ራሳቸው ደግፈው ባቡር ላይ አወጡኝ።

ወንድሜ፣ እህቴ፣ ተጣጣፊ ቢስክሌት የምታስቡ ከሆነ እንዴት እንደሚታጠፍ ሳይሆን ታጥፎ ማን እንደሚሸከመው ጠይቁ። ከመውሰዳችሁ በፊት ተቀመጡበትና ፔዳሉን አንድ ጊዜ ሙሉ አዙሩ። ትኩሳት ያለበትን እብጠትም አታሳሹ። እግሬን ያተረፉልኝን ሐኪም፣ ያስታመመችኝን እናቴን፣ ጋሽ ይመርንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ጉልበቴ አሁንም በግማሽ ነው የሚታጠፈው። ከጓደኞቼ ጋር ገበያ አልወጣም፤ አሁን ለእኔ አዲስ አበባ ማለት ከጓሮ ክፍሌ እስከ መማሪያ ክፍሌ ያለችው ብቻ ናት። ጠዋት ግን መምህሩ ስሜን ሲጠሩ፣ እግሬን ከመቀመጫው ውጭ ዘርግቼ «አቤት» እላለሁ።